የኦቦ ፊጣ ሶፍት ኮፒ

በዚህ ዘመን መጽሐፍ መጻፍ ከባድ አይደለም። ከባዱ፣ ከጻፉት በኋላ መጽሐፉ የት እንዳለ ለሰው ማስረዳት ነው። ዱሮ ደራሲ የተባለ ሰው መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይዞር ነበር፤ ለጠየቀው ሁሉ "ይኸውና" ይላል። የዛሬው ደራሲ ሲጠየቅ ኪሱን ይዳብሳል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ቻርጅ የለውም። ቻርጅ ቢኖረው ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ጠያቂው ሄዷል።

ሰሞኑን አንዳንድ ወጣቶች ኢ-ቡክ ጽፌ መሸጤን ሰምተው፣ እንዴት እንደሚጻፍና እንዴት እንደሚሸጥ ምከረን እያሉ ይመጡብኛል። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል መባሉን ረስተው መሆን አለበት። ቢሆንም በአገራችን ምክር ተጠይቆ "አላውቅም" ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ልማዱን እኔ አላፈርስም። እመክራለሁ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ግራ ከገባችሁ ግን፣ ከእኔ የከፋ ግራ እንዳልገባችሁ አስቡና ተጽናኑ።

እኔ አምቦ ከተማ የአማርኛ መምህር ነኝ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ስሜ መጽሐፍ ሽፋን ላይ እንዲወጣና ከፊቱ "ደራሲ" የሚል ቃል እንዲቀመጥለት። ሀብት አልተመኘሁም። ሹመትም አልፈለግሁም፤ የሰጠኝም አልነበረም። "ደራሲ" የሚለውን ቃል ግን ቤቴን ዘግቼ፣ ከስሜ ጋር አጣብቄ፣ ጮክ ብዬ ብየው አውቃለሁ። ያምራል። የጎደለኝ ነገር ቢኖር የምጽፈው ጉዳይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለደራሲነት ይህን ያህል የሚያስፈልግ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር ሙሉጌታ ይህን ሐሳቤን ስነግረው፣ ኢ-ቡክ ጻፍ አለኝ። አሳታሚ አያስፈልግም፣ ማተሚያ ቤት አያስፈልግም፣ የምታውቀውን ጻፍ፣ አንባቢህን ለይ፣ ፎርማትህን ምረጥ፣ አለቀ። እኔም ሁሉም የገባኝ ሰው መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ፎርማት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ከጠራልኝ ሁለቱ አንዱን መረጥሁ። ለወጣቶች የመጀመሪያ ምክሬ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ያልገባችሁን ነገር ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ አትስሙ። አንገት ያማል፣ ውጤቱም ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ከሁሉ አብልጬ የማውቀው የአከራዬን ሕይወት ሆኖ ተገኘ። ኦቦ ፊጣ ከአዲስ አበባ ነቀምት ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ወንበር አውጥተው ማውራት ሲጀምሩ፣ ሆለታ ላይ የፈነዳው ጎማ፣ ጊንጪ ላይ የተበላው ምሳ፣ ሁሉም በየተራው ይመጣል። ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና፣ "ጻፍ፤ ግን ዱጋ ብቻ። ሶባ እንዳትጨምር" አሉኝ። ዱጋ እውነት ነው፣ ሶባ ውሸት። እነዚህን ሁለት ቃላት የማያውቅ ሰው አምቦ ቤት ባይከራይ ይሻለዋል።

ከመጽሐፉ የሚያምረው ምዕራፍ የጉደሩ ነው። አውቶቡሱ ሰው ሞልቶ ወደ ጉደር ወንዝ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ መሐል ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ኦቦ ፊጣ መኪናውን ከዳገቱ ጋር እያፋተጉ ፍጥነቱን ሲቀንሱ፣ ረዳታቸው ቶሎሳ በበሩ ዘሎ ወረደና ታኮውን ጎማው ሥር ወሸቀው። አውቶቡሱ ታኮዋ ላይ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ከአንዲት ዶሮ በቀር የተጎዳ የለም፤ እሷም ድንጋጤ ነው። ይህን ምዕራፍ ስጽፍ የሚጽፈው እኔ መሆኔን እስክጠራጠር ድረስ ጥሩ ሆነ።

ሙሉጌታ ጽሑፉን ፒዲኤፍ አደረገው፣ ሽፋን ሠራለት፣ የምሸጥበት ቻናል ከፈተልኝ። ሽፋኑ ላይ ደራሲ ተብሎ፣ ቀጥሎ ስሜ። ስልኩ እጄ ላይ እስኪግል ድረስ አየሁት። ደስታዬን ለባለታሪኩ ላካፍል ወደ ግቢ ሮጬ፣ ኦቦ ፊጣ፣ መጽሐፋችን ወጣ እኮ፣ በሶፍት ኮፒ ነው የወጣው፣ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሱም። ምን አጥፍቼ ይሆን? የተሳሳተ ነገር ጽፌ ይሆን? በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በር ላይ ጠበቁኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወረቀት ተወዶ እንደሆነ ለምን አልነገርከንም፣ እናዋጣ ነበር አሉኝ። ግራ ገባኝ። የምን ወረቀት ስላቸው ማብራሪያው መጣ።

"ያን ሁሉ ሰው በሰላም ያደረሰ ሰው ታሪክ በሶፍት ላይ ይጻፋል? አንብቦ የጨረሰ ሰው ምን ሊያደርገው ነው?"

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ማለት ይህ ነው። ለእሳቸው ሶፍት ማለት ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ከዚያም ብሶ ሌላ ቦታ የሚንጠለጠለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ለእኔም ቢሆን እስከ ትናንት ድረስ ያው ነበር። ቶሎ ብዬ፣ የለም አዴ፣ ሶፍት ማለት በእንግሊዝኛ ለስላሳ ማለት ነው አልኳቸው። የሚጠጣው ነው? አሉኝ። በውሃዋ ስሟ በወጣ ከተማ ቃል ሲመርጡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ከኦቦ ፊጣ ፊት ቀርቤ እንደ ተከሳሽ አስረዳሁ። ሃርድ ኮፒ የሚባለው የታተመው ነው፣ አንዴ ከወጣ ወጣ፣ ስሕተት ቢኖርበትም አይነካም። ሶፍት ኮፒ ግን ስልክና ኮምፒውተር ላይ ያለው ነው፣ ስላልደረቀ በፈለግን ቀን ከፍተን እናስተካክለዋለን። ኦቦ ፊጣ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። በፈለግን ቀን? አሉኝ። በፈለግን ቀን አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። "ያ ባርሲሳ፣ ተነሥ" ይላሉ ኦቦ ፊጣ፤ መምህር ማለታቸው ነው። ጎማው የፈነዳው ሆለታ ሳይሆን ከሆለታ አለፍ ብሎ መሆኑ ትዝ ብሏቸው ነው። አስተካከልሁ። ሐሙስ መጡ፤ ጎማው የፈነዳ ቀን የለበሱት ካፖርት ቡናማ ነበር አሉ። አስተካከልሁ። ኪራይ የሚኖር ደራሲ ምርጫ አለው እንዴ? ሙሉጌታ ባስተካከልሁ ቁጥር አዲሱን እትም ቻናሉ ላይ ይለጥፋል። ገዢዎቼም የትኛውን እንደገዙ ጠፍቷቸው እየደወሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም የትኛውን እንደሸጥሁላቸው ስለማላውቅ አብረን እንቸገራለን።

ከዚያ ትልቁ እርማት መጣ። ኦቦ ፊጣና ቶሎሳ አንድ ሠርግ ላይ ተገናኝተው ነበር። ቶሎሳ አሁን ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ እሳቸውም ሸምግለዋል። ከመጽሐፉ መውጣት ወዲህ ስማቸው ስለገነነ፣ ለሠርገኛው የጉደሩን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ጊዜ አወሩ፤ በሦስተኛው ላይ መሪውን የያዘ ሰው ፈጽሞ አልተነሣም። ኦቦ ፊጣ ሥጋውን ሳይጨርሱ ወደ ቤት ተመለሱ። ቶሎሳን ከመጽሐፉ አውጣልኝ አሉኝ።

እሺ፣ ግን ኦቦ ፊጣ፣ እሳቸው ከወጡ ታኮውን ማን አስገባው ልበል? ታኮ በራሱ አይሄድም። እግዚአብሔር አስገባው በል፣ እሱ ሶባ አይሆንም አሉኝ። ተከራከርኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? ጻፍሁት። በአዲሱ እትም አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲምዘገዘግ፣ ማንም ሳይነካት ታኮዋ ከቦታዋ ተነሥታ ጎማው ሥር ገባች።

ሽያጭ ማለት እንግዲህ ያኔ መጣ። የአዴ ጫልቱ የጸሎት ቡድን ምዕራፉን ለምስክርነት አነበበው፤ ከዚያ የጉደሩ ቡድን፣ ከዚያ የጊንጪው። ስልኬ አላርፍ አለ። አንዱ ደዋይ ታኮዋ አሁን የት እንዳለች ጠየቀኝ። ምእመናን ያልሆኑትም መግዛት ጀመሩ፤ እነሱ የሚገዙት ቶሎሳ ለምን እንደወጡ ለማጣራት፣ አንዳንዶቹም እነሱ አብረው ወጥተው እንደሆነ ለማየት ነው። ጊንጪ ምግብ ቤት ያላት ሴትዮ ሽሮዬን ቀጭን ያለው ማነው ብላ ደውላለች፤ ግን ገዝታ ነው የደወለችው። ሙሉጌታ አንባቢህን ለይ ያለኝ ያኔ ገባኝ። ሰው መጽሐፍ የሚገዛው ሊያነብ አይደለም፣ ራሱ ውስጡ መኖር አለመኖሩን ሊያይ ነው።

ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ገባና ሁለቱ ታረቁ። ኦቦ ፊጣ ጠዋት መጥተው ቶሎሳን መልሰው አሉኝ። መለስኋቸው። ቀጥሎ የሚደውሉልኝ የጸሎት ቡድኖቹ ሆኑ፤ እግዚአብሔርን በረዳት የተካህበት ምክንያት ምንድን ነው ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ? በራሴ ፈቃድ አላደረግሁትም፣ ከላይ የታዘዝሁት ነው ብል ደግሞ ሌላ ትርጉም ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አልከፋኝም ነበር፤ የፈለገው ቢወጣ ቢገባ ሽፋኑ ላይ ስሜ አለ። ችግሩ የመጣው የኦቦ ፊጣ ልጅ ከአዲስ አበባ መነጽር ይዛላቸው ስትመጣ ነው። እስከዚያ ድረስ መጽሐፉን የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። መነጽሩን አድርገው ስልኬን ተቀበሉና ራሳቸው ማየት ጀመሩ፤ የጀመሩትም ከሽፋኑ ነው።

"ኩን ማሊ?" አሉ፤ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ጣታቸው ስሜ ላይ ነበር።

ስሜ ነው አልኳቸው። ከስምህ በፊት ያለው አሉኝ። ደራሲ ይላል አልኩ።

"ደራሲ ያልነበረ ነገር የሚፈጥር አይደለም እንዴ?"

ይህንኑ በዚያው ሳምንት ክፍል ገብቼ አስተምሬያለሁና ልክድ አልቻልሁም።

"የኔ ሕይወት ዱጋ ነው ሶባ?"

ዱጋ ነው አልኩ።

"እንግዲያው ደራሲ የለውም። ፍሬኑ እምቢ ሲል አንተ የት ደርሰህ ነበር?"

ፍሬኑ እምቢ ሲል ገና አልተወለድሁም ነበር። ኦቦ ፊጣ ግን የሰው ልፋት የሚክዱ ሰው አይደሉም። "ታይፕ ያደረገው" ብለህ ከታች ስምህን አስገባው፣ በትንሹ፣ አሉኝ። በገዛ እጄ አስተካከልሁት። ሙሉጌታ ማጽናናቱ ነው መሰለኝ፣ ቢያንስ የስምህ ፊደል አልተቀየረም አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሐል ኦቦ ቶሎሳ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። በእግዚአብሔር መተካታቸው እንዳላስከፋቸው ነገሩኝ፤ ከእኔ ይሻላል አሉ። ያስከፋቸው ተመልሰውም ረዳት መሆናቸው ነው። አሁን የራሳቸውን መጽሐፍ ይፈልጋሉ። በዚህኛው ላይ ሹፌሩ እሳቸው ናቸው፤ ፊጣ ረዳት ሆኖ፣ ታኮውን ታቅፎ ከአውቶቡሱ ኋላ ቁልቁለቱን ይሮጣል፣ አይደርስበትም።

ኦቦ፣ ይህ ሶባ አይደለም ወይ አልኳቸው፤ አሁን አሁን መጠንቀቅ ለምጃለሁ።

"ነዋ። ለዚህ አይደል አንተን የፈለግሁህ? ደራሲ ብለህ ስምህን በትልቁ ጻፍበት። የኔን ስም የትም እንዳታነሣ፣ ሹፌሩን ሌላ ስም ስጠው፤ ገና መታረቃችን ነው። ረዳቱን ግን ፊጣ በለው።"

ሦስት ቀን አሰብሁበት። አራተኛው ቀን ላይ ሙሉጌታ ሽፋኑን ሠርቶ አሳየኝ፤ "ደራሲ" የሚለው ቃል ከርዕሱ ይበልጣል። ጽሑፉ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ስለዚህ ምክር ፈልጋችሁ የምትመጡ ወጣቶች፣ እስኪ ዛሬ ደግሞ እናንተ እኔን እርዱኝ፤ አምቦ ውስጥ፣ ጉደርም ቢሆን ግድ የለኝም፣ የሚከራይ አንድ ክፍል የምታውቁ ካላችሁ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ንገሩኝ።