ማስቲሽ የማይነካቸው ሰው

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ ምንም የማይነካው ሰው አይጠፋም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆነ ሽቦው ኃይል ይኑረው አይኑረው በጣቱ ነካ አድርጎ ያረጋግጣል። በያጅ ከሆነ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይበይዳል። ግንበኛ ከሆነ ሄልሜቱን ገልብጦ ሚስማር ያስቀምጥበታል። ተው ሲሉት ይስቃል። «እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንተ መች ተወለድክ?» ይላል። ይህን ስታነቡ የአንድ ሰው ፊት ድቅን ካለባችሁ፣ እሱ ነው።

የእኛው ጋሼ ምናለበት ይባሉ ነበር። ጋዜጣ ላይ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ስድስት ዓመት የሠራሁት ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ያለቀለትን ጫማ እያገላበጥኩ ጉድለት እፈልግ ነበር። ጠረጴዛዬ ማስቲሽ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር የሚጣበቅበት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ረጅም አዳራሽ። ሠላሳ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ብሩሹን ጣሳ ውስጥ እያጠቀሰ ይቀባል። የዚህ አዳራሽ አለቃ፣ ሊቀ ጠበብትና ዋና ሐኪም ክቡር ጋሼ ምናለበት ነበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ማስቲሽ ቀብተዋል። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ቤት ብቻ ይመስለኛል።

አዲስ ጣሳ ሲከፈት ሁላችንም ፊታችንን እናዞራለን። እሳቸው ግን የወጥ ሽታ እንደሚለይ ባለሙያ ጎንበስ ብለው በረጅሙ ይስቡታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ፤ ከዚያ ፍርዱ ይሰማል። «ይሄኛው ቲነር በዝቶበታል።» ወይም ደግሞ፣ «ይሄስ ደህና ነው፣ የዱሮውን ይመስላል።»

መስኮት መክፈት ክልክል ነው። ያወጁት ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያትም አላቸው። «ንፋስ ገባ ማለት ማስቲሹ ያለ ሰዓቱ ደረቀ ማለት ነው፤ ያለ ሰዓቱ ደረቀ ማለት ሶሉ በሳምንቱ አፉን ከፈተ ማለት ነው» ይላሉ። ሐሰት አልነበረም። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው እጅ የወጣ ጫማ ሶሉ ሲላቀቅ አላየሁም፤ እንጀራዬ ደግሞ የተላቀቀ ሶል መፈለግ ነበር።

ማስክም አንድ ካርቶን ሙሉ መጥቶልን ያውቃል። አንዱን አጥልቀው አምስት ደቂቃ ያህል ሞከሩት። «ይሄማ ሰው ያፍናል!» ብለው አወለቁት፤ ከዚያ ወዲህ ካርቶኑ የብሩሽ መጥረጊያ ሆነ።

ወተት ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ፋብሪካው ለማስቲሽ ክፍል ሠራተኛ በቀን አንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጣል፤ ትነቱን ከሆድ ያጥበዋል ተብሎ። ማን እንዳለው አይታወቅም። አራት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ምናለበት ማንቆርቆሪያውን ይዘው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ፤ ራሱን ያመመው ካለ ግማሽ ብርጭቆ ይጨመርለታል፣ ያቅለሸለሸው ካለም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ሰኞ ሰኞ ለምንድነው ራሴን የሚያመኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«እሑድን ንጹሕ አየር ስትስብ ውለህ መጥተህ ነዋ!» አሉኝ። «ሰውነትህ ግራ ገባው። እስከ ነገ ይለምደዋል፤ ምናለበት?»

ማክሰኞ ዕለት እውነትም ተወኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሐኪም ጋር ክርክር አይገጠምም።

ከእሳቸው ፊት ለፊት የምትሠራው ሁላችንም እታለም የምንላት ሴት ነበረች። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከክፍሉ ሁሉ እጇ የሚፈጥን፣ ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ። ጋሼ ምናለበት እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት። አንድ ሰሞን ብሩሹ ከእጇ መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሳቅንባት። ቆይቶ ደረጃ ስትወጣ እግሯን ስትጎትት አየን፤ ሳቁን ተውነው።

«ጋሼ፣ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም» አለቻቸው። «ወፍራም ጓንት ያጠለቅሁ ነው የሚመስለኝ።»

«ብርድ ነው የኔ ልጅ፣ ምንም አትሆኚም» አሉና የራሳቸውን ወተት ገለበጡላት።

ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ ስለ ብርድ አልጠየቀቻትም፤ «ሥራ ላይ የምትተነፍሽው ምንድነው?» ነበር ያለቻት። ማስቲሹ ውስጥ ያለው ቲነር ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ወረቀት ላይ ጻፈችላት። ወረቀቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ቁርጥ ሆነ፤ የክፍሉ አየር ይለካ ተባለ። ትነቱ ከልክ በላይ ከሆነ እታለም ከነደረጃዋ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች፣ አዳራሹም አየር መሳቢያ ይገጠምለታል። ካልሆነ ግን ሕመሙ የራሷ ጉዳይ ነው፤ ብሩሽ መያዝ ያቃታት ማስቲሽ ቀቢ ትሰናበታለች።

«ነገ ለኪዋ ትመጣለች፤ እንደወትሮው ሥሩ» ተባልን። ጋሼ ምናለበት ከዚህ ውስጥ የሰሙት «ትመጣለች» የሚለውን ብቻ ነው። ሰው ሊመጣ ነው ተብሎ ቤቱን እንደወትሮው የሚተው ማን ነው?

በማግስቱ ስንገባ የገዛ ክፍላችን ጠፋን። ወለሉ በሳሙና ታጥቧል። ሃያ ሰባት ዓመት የተዘጉት መስኮቶች ወለል ብለዋል፤ ዝገት የያዛቸው ሁለቱ በመዶሻ ተመትተው ነው የተከፈቱት። አፉን ከፍቶ ይውል የነበረው ጣሳ ሁሉ መጋዘን ገብቷል፤ ለሠላሳ ሰው አራት ጣሳ ቀርቷል፣ እሱም እየተከደነ። ክቡርነታቸው የታጠበ ካፖርት ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። በእሳቸው ላይ ብቻ አላላክክም፤ የመጨረሻውን ጥግ የወለወልኩት እኔ ነኝ። እታለም ራሷ ጠረጴዛዋን አሳምራ ጠርጋለች። ማናችንም ክፉ አላሰብንም፤ ተግተን ቤታችንን አጸዳን እንጂ።

ለኪዋ ቦርሳ ያነገተች ቁጥብ ወጣት ናት። ለአምስት ሰዎች የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ኮሌታቸው ላይ ሰካችላቸው። «ቀኑን ሙሉ የምትስቡትን አየር ትይዛለች፤ አፍንጫችሁ አጠገብ ትዋል፣ አትሸፍኗት» አለችና ወደ ቆዳ ማቅለሚያው ክፍል ሄደች። ገና በሩን ሳትዘጋ ጋሼ ምናለበት የራሳቸውንና የእታለምን መለኪያ ነቅለው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«የሰው ዕቃ ነው» አሉን። «ማስቲሽ ቢነካው ምን ልንላት ነው?»

አመሻሽ ላይ ልትሰበስብ ስትመጣ ፈትተው በየቦታው መልሰውታል። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የተመለሰላት ዕቃ እንደሌለ ነግራ አመሰገነቻቸው። ሳምንት ሙሉ ተኩራሩበት።

ውጤቱ በሁለት ሳምንቱ መጣ፤ ትነቱ ከሚፈቀደው በታች ነው ይላል። «አላልኳችሁም?» ብለው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። መስኮቶቹ ተዘጉ፣ ጣሳዎቹ ከመጋዘን ወጡ፣ እኛም ወደ ራስ ምታታችን ተመለስን። በአራተኛው ቀን ለእታለም ደብዳቤ ደረሳት። እስከ ወሩ መጨረሻ ሠርታ ትሰናበታለች።

የዚያን ቀን ከሥራ ስንወጣ ልብስ መስቀያው አጠገብ ካፖርቷን ለመቆለፍ ትታገል ነበር። አታለቅስም፤ ቁልፉን ብቻ ትፈልጋለች። «ነይ እስቲ» አሉና ጋሼ ምናለበት ቁልፉን ያዙላት። አመለጣቸው። ደግመው ያዙት፣ አመለጣቸው። አራት እጅ አንድ ቁልፍ ላይ ተረባረበ፤ ቁልፉ ግን እንደተከፈተ ነው። ቆይቼ ሳስበው፣ እኚህ ሰው ሁልጊዜ ካፖርታቸው የፊቱ ክፍት ነው፣ ጫማቸውም ክር የለውም።

እታለም ቀና ብላ አየቻቸው። «ጋሼ… እርስዎም?»

እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ቁልፉን የቆለፍኩላት እኔ ነኝ።

በነጋታው ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። ያን ቀን መወልወያ ከያዙት አንዱ ስለነበርኩ እኔም ለምስክርነት ተከትያቸው ገባሁ።

«ያን ቀን እኛ ሥራ አልሠራንም» አሉ ቆመው። «እንግዳ ነው የተቀበልነው።»

«ወረቀቱ እኮ አየሩ ንጹሕ ነው ይላል፣ ጋሼ።»

«ንጹሕ ነዋ! እኔ አጥቤው! መለኪያውንም በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼው ነው የዋልኩት። መባረር ካለ እኔ ልባረር። ልጅቷን ግን በእኔ ሳሙና አታባሯት።»

ለኪዋ ተመልሳ መጣች። የላስቲኩን ነገር ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች፤ ልትስቅ ይሁን ልትጮህ አልለየሁም። በዚህኛው ዙር ጣሳው ሁሉ ተከፍቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ መለኪያው አፍንጫችን ሥር ዋለ። ከዚያ፣ ለካ የሠራተኛ ጤናም የምትመረምር ናትና፣ ወንበር አስቀምጣ እጅና እግሩ የሚደነዝዘው ካለ ትመረምረው ዘንድ ይምጣ አለች። ማንም አልተነሣም። ስሙ ከተጻፈ ደብዳቤ እንደሚከተለው ሁላችንም አይተናል።

ጋሼ ምናለበት ሄደው ተቀመጡ። በሠላሳ ሰው ፊት ጫማና ካልሲያቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን አስጨፍና የመርፌ ጫፍ አውራ ጣታቸው ላይ አሳረፈች።

«ይሰማዎታል?»

«አይሰማኝም።»

«እዚህስ?»

«እዚያም።»

ቁርጭምጭሚታቸው ጋ እስክትደርስ ድረስ መልሳቸው ያው ነበር።

«ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«አራት ዓመት።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«አለቃ ነኛ፣ ልጄ» አሉ እግራቸውን እያዩ። «እኔ አመመኝ ካልኩ እነዚህ ልጆች በምን ልባቸው ይሠራሉ?»

ካልሲያቸውን ሲያጠልቁ ቀና ብዬ ሳይ ከወንበሩ ጀርባ ሰልፍ ተሠርቶ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ።

ትነቱ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የእታለም ደብዳቤ ተሰረዘ፤ አየር መሳቢያ ተገጠመ፣ ማስቲሹም በሌላ ዓይነት ተለወጠ። የእኔም ጠረጴዛ ወደ ሌላ አዳራሽ ወጣ፤ እሷም ጋሼም ከማስቲሽ እንዲርቁ ስለታዘዘ ወደዚያው ተዛወሩና ሦስት ሆንን። ሰላሜን ያጣሁት ያኔ ነው። ክቡርነታቸው በስተርጅና ማስክ አስተማሪ ሆኑ። የቤቴን በር ቀለም ልቀባ ነው ብዬ ብናገር ስለ መስኮቱ፣ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ቀለሙ ዓይነት ሲመረምሩኝ ዋሉ። እሑድ ከሰዓትም ስልክ ደውለው «መስኮቱን ከፈትክ?» አሉኝ። ከፍቻለሁ ብላቸው አላመኑኝም፤ ቤቴ ድረስ መጡ። መሰላሉን ያዙልኝ። እንዲህ የሚነዘንዝ አባት ለሁሉም ሰው ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር።

ሐኪሟ ስሜቱ ቀስ እያለ ሊመለስ እንደሚችል ለእታለም ነግራታለች፤ መቼ እንደሆነ ግን አታውቅም። ለጋሼ ያን ያህል ተስፋ አልሰጠቻቸውም። ወራት አለፉ። እኛ ጉድለት የተገኘበት ጫማ ላይ ምልክት የሚሆን ወረቀት በስፒል እንሰካለን፤ ለእታለም ስፒሉን የማቀብላት እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ዞር ስል ራሷ ከሣጥኑ አነሣች።

«ኡይ!» ብላ ጮኸች።

ጋሼ ምናለበት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ምን ሆንሽ?»

«ወጋኝ! ጋሼ፣ ወጋኝ እኮ!»

ከጣቷ ጫፍ ደም ብቅ ብሏል። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እየያዙት እንደሆነ በዓይናቸው ማየት ነበረባቸው።

«አመመሽ?» አሉ።

«በጣም!» አለች እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ። «በጣም ነው ያመመኝ!»

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ፣ የኔ ልጅ!»