የነፃነት ቀን ምሳ

ነፃነት መልካም ነገር ነው፤ አፍሪካ ነፃ የወጣችው በተለያየ ወር መሆኑ ደግሞ የበለጠ መልካም ነው። በሁለት ሺዎቹ መጨረሻ፣ የቤንዚን ዋጋ ሰማይ በነካበት ዓመት፣ ዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከታክሲዎቹ ወረፋ ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጣችሁ ቢሆን ይገባችሁ ነበር። ተራ ጥበቃ ግማሹ እንቅልፍ፣ ግማሹ ወሬ ነው። ደንብም አለን፤ የአንዱ አገር የነፃነት ቀን ሲደርስ የዚያ አገር ሹፌር ለሁላችን ምሳ ያበላል። ጋናዊው በማርች፣ ኮንጓዊው በጁን፣ ናይጄሪያዊው በኦክቶበር። ያ ሁሉ ሰልፍና እስር፣ ያ ሁሉ መፈንቅለ መንግሥት ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሩዝ በዶሮ ሆኖ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ቀን የለንም። የቀድሞው ወታደር ጋሽ ደምሴ ይህን የሚናገሩት በኩራት ነው፤ ያልተገዛ ሕዝብ ከማን ነፃ ይወጣል እያሉ የሰው ዶሮ ይግጣሉ። ጋናዊው በሆዱ ምን እንደሚል እግዜር ይወቅ።

ታዲያ በሜይ መጨረሻ ገደማ ተስፋይ ዝግኒ በእንጀራ ይዞ መጣ። ተስፋይ ኤርትራዊ ነው፤ ለወረፋው አዲስ ቢሆንም ከጋሽ ደምሴ ጎን የማይጠፋ፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ተራቸው ሲደርስ መስኮት አንኳኩቶ የሚቀሰቅሳቸው ወዳጃቸው። በደንቡ መሠረት የአገሩን ቀን ሊያበላን ነው። ከማን ነፃ እንደወጣ ግን አፍ አውጥቶ የሚናገር ጠፋ። ጋሽ ደምሴ መኪናቸው ውስጥ ገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈራሁ። ዛሬ ካልበሉ ሁለቱ ከእንግዲህ ሰላም አይባባሉም።

ሙቀቱ አስፋልቱን ያርገበግበዋል። አውሮፕላኖቹ ከጭንቅላታችን በላይ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ሁላችንም የአንድ ሰው ሕልም ውስጥ የገባን ይመስል ሳህናችንን ይዘን ቆምን። ተስፋይ ሳህን ይዞ ሄደና መስኮቱ ዘንድ ቆመ። አላንኳኳም።

ጋሽ ደምሴ ብዙ ቆይተው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ያን ቀን አስመራ ነበርክ?»

«ስንገባ ነበርኩ፣ ጋሽ ደምሴ። እርስዎስ?»

«እኔ ስንወጣ። ጠመንጃዬን ጥዬ በእግሬ ወደ ሱዳን። ከዚያ ወዲህ ሰው ላይ ተኩሼ አላውቅም።» ሳህኑን ተቀበሉት። «እኔም ነፃ የወጣሁት ያን ቀን ነው እኮ፣ ልጄ። ብቻህን ማብላት አልነበረብህም።»

በሚቀጥለው ሜይ ሁለቱ አብረው አበሉን። ጋናዊው ጠጋ ብሎ፣ ለመሆኑ ያሸነፈው የትኛው ነው ሲል ጠየቀኝ። ላስረዳው ጀመርኩና ተውኩት፤ ሁለቱ እየተጎራረሱ ነበር።