የሃያ ናኖሜትር ስንጥቅ

የማይታይ ነገር የሚያስጨንቀው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ሰፈር ጋኔን የሚታየው አለው፣ ሌላው በሽታ። ለእኛ ለደሴዎቹ የደረሰን ክቡር ዶክተር ሚስባህ ነው።

ዶክተር ሚስባህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ከፀጉር በሺህ እጥፍ የቀጠነ የብረት ሽፋን ሠርቶ ሦስት ዓመት ተንከባከበው። ሰላም ስትሉት "ቀስ፣ አቧራ!" ይላችኋል። መጋቢት ላይ ውጭ አገር ያለ ቤተ ሙከራ ሽፋኑን ፎቶ ሊያነሳለት ተስማማ። ፎቶው የሚነሳው ዐይን በማያየው፣ ከተለመደው አልትራቫዮሌት እጅግ በበረታ ጨረር ነው። ይህን ጨረር አየር ስለሚውጠው፣ መሣሪያው ውስጥ ያለው አየር ተመጥጦ ይወጣል። ይህን ሲያስረዳኝ መተንፈሴ አሳፈረኝ።

ሽፋኑን በሳጥን አሽጎ በአውሮፕላን ሊልክ ሲሄድ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘሁት። ሚኒባሱ ውስጥ ለሳጥኑ ለብቻው ወንበር ያዘለት። ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ገብተው ቦታ ቢያጡ "ሰው አለበት" አላቸው። እሳቸው ግን ሳጥኑን አንስተው ተቀመጡና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ውስጡ ያለውን ሲነግራቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን እስክንጨርስ ሾፌሩን "ቀስ በል፣ ልጅ ይዣለሁ" ይሉት ነበር።

በሁለት ወሩ ፎቶው መጣ። ለእኔ ግራጫ ነጠብጣብ ነው። ያነሱት ሰዎች ግን አደነቁት፤ ስለ ሽፋኑ የጻፈው ጽሑፍም በሳይንስ መጽሔት ሊታተም ሆነ። ሚስባህ ሳምንት ሙሉ ፎቶው ላይ አፍጥጦ ከረመና አንድ ስንጥቅ አገኘ። ስፋቱ ሃያ ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር ደግሞ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። ወዲያው ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጽፎ ጽሑፉ እንዳይታተም ራሱ አስቀረው።

ተናደድኩ። ፎቶውን ያነሱት እንኳ አላዩትም፣ ማን ያይብሃል አልኩት።

"እነሱማ አላዩትም" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ ግን አየሁት።"

ሦስት ዓመት ስቀልድበት ኖሬ፣ ያን ቀን ፎቶውን ተቀብዬ ስንጥቁን መፈለግ ጀመርኩ።

በማግስቱ እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሚስባህ ቤት መጡ። ሌላውም ጎረቤት ተከትሏቸው ገባና ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ።

"ስንጥቁ ምን ያህል ነበር፣ ልጄ?"

"ሃያ ናኖሜትር፣ እትዬ።"

እትዬ ጥቂት አሰቡ።

"ከባድ ነው። እግዜር ያጽናህ።"

ሚስባህ አሜን ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁም። ሦስት ቀን አብረነው ተቀመጥን። እኔም ለአለቃዬ ደውዬ ሐዘን ላይ ነኝ ብዬ አስፈቀድኩ፤ የዋሸሁም አልመሰለኝም።