ዘግይቶ የሚሰማ ኮምፒውተር

የማይሰማ ሰው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ዘግይቶ የሚሰማው ነው፤ ያላችሁትን ሁሉ አጠራቅሞ ይይዝና፣ እናንተ ሐሳባችሁን ከለወጣችሁ በኋላ አንድም ሳያስቀር ይፈጽመዋል። ብልባላ ላይ «ቁሚ!» ያልኳት ላሊበላ ገበያ መሀል ገብታ የምትቆም በቅሎ ነበረችኝ። አጋነንክ ካላችሁኝ፣ ጥቂት ብቻ ነው። ስትሞት ነፍሷ የት እንደገባች ያወቅሁት ኮምፒውተር ወደ አገራችን በመጣ ሰሞን ነው።

አያ ሞላና አያ ካሴ በውሃ ቦይ ተኳርፈው ሁለት ክረምት አልተነጋገሩም። የሞላ ልጅ ደግሞ ለካሴ ልጅ ታጭታለች፤ አባቶቹ ካልታረቁ ሰርጉ ቀረ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ድንጋይ ተሸክሜ አስማማኋቸውና «በኮምፒውተር ይጻፍልን» አሉ። ዘመኑ የግምገማ ነው፤ ሰዉ ቅሬታውን ዘርዝሮ ካላስመዘገበ የታረቀ አይመስለውም። የቀበሌው ጸሐፊ ዘነበች ቢሮዋ ውስጥ ጻፈችው። እርቁ ከላይ አንድ መስመር፣ ቅሬታው ከሥሩ አራት ገጽ!

ወረቀት ልታመጣ ስትወጣ የመጨረሻውን መስመር አነበብኩላቸው፤ «ካሴ ሌባ ብሎኛል» ይላል።

«ይቺ ትውጣ! አለዚያ ሰርግ የለም!» ብሎ ካሴ ዱላውን አነሣ።

«ብለኸኛላ! ያኔ አፍህን ማን ያዘው?» አለ ሞላ።

ዘነበች ስታደርግ እንዳየሁት ማጥፊያዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ሽማግሌ ነኝና በመጀመሪያ ልመና እሺ የሚል አባት አይቼ አላውቅም፤ አውራ ጣቴን ቁልፏ ላይ ጥዬ፣ ዞሬ ሁለቱን መገሠጽ ያዝኩ።

ያን ጊዜ በቅሎዬ ተነሣች።

«ሌባ» ሄደች። እርግማኑ ተከተለ፣ ቦዩ ፈረሰ፣ የካሴ በሬ ከሞላ ማሳ ወጣ። ጣቴን ባነሣ ማን ሰምቶኝ! ገጹ ወደ ላይ እየሮጠ መስመር በመስመር ይበላል። ሁለቱ ሰዎች የሁለት ክረምት ቂማቸው ሲነጉድ አፋቸውን ከፍተው አዩ። በመጨረሻ ቆመ። የቀረው «ሞላና ካሴ ታርቀናል» የሚለው ነው።

«ሌላ ምን ነበረ?» አለ ሞላ።

ካሴ ራሱን አከከ። «እኔ እንጃ... ብዙ ነበር መሰለኝ።» ሳቃቸው መጣ።

ዘነበች ገባችና አየችው። «አይዞዎት አባባ፣ አሁኑኑ መመለስ ይቻ...»

እግሯን ረገጥኩት። «አትሚው፣ ልጄ።»

በሰርጉ ዕለት ዘነበች እያነከሰች እስክስታ ወረደች። እኔ የረገጥኳት በቀስታ ነበር፤ እንደ ማሽኗ ዘግይቶ ተሰምቷት ካልሆነ።