ደብረ ብርሃን ላይ የኮሪያ ዘፈን የጀመርኩት እኔ ነኝ

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ብታምኑም ባታምኑም፣ ደብረ ብርሃን ላይ የኮሪያ ዘፈን በማይክራፎን የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ!

ዛሬ የልጅ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስልኳን አቁማ የኬፖፕ ዳንስ ስትቀዳ "እማማ፣ ከካሜራው ዞር በይልን፤ ይሄ አንቺን አይመለከትም" አለችኝ።

አይመለከትም አለች። ስሙኝማ።

በደርግ ጊዜ ነው። አባባ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ሸማኔ ነበር። መወርወሪያውን በወረወረ ቁጥር አንድ የኮሪያ ዘፈን ያንጎራጉራል፤ በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ ዘምቶ እዚያው የለመደውን። "መዝመቴን ለሰው እንዳታወሪ" ብሎኛል።

አላወራሁም። ዘፈኑን ግን መች ከለከለኝ?

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር የኪነት ቡድናችንን ሰብስቦ "ከወዳጅ አገር ከኮሪያ እንግዶች ይመጣሉ፤ ምን እናሰማቸው?" አለ።

እጄን አወጣሁ። ምነው በተቆረጠ!

ኮሪያ ሁለት መሆኗን ማን ነግሮኝ? አባባ የዘመተው ከደቡቦቹ ጋር ነው። የሚመጡት ሰሜኖቹ ናቸው፤ አባባ የተዋጋቸው። ይህ ከታወቀ ደግሞ አባባ እስር ቤት ነው።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አባባን አየሁት። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦታል። ያኔ አንድ ጥፋት እንዳጠፋሁ ገባኝ። ባቆም ይብስ ያሳብቅብኛል ብዬ ቀጠልኩ።

ትልቁ እንግዳ ከመቀመጫው ተነሳ። አለቀልን አልኩ።

አብሮኝ ዘፈነ!

ለካ ዘፈኑ አገሪቱ ለሁለት ሳትከፈል በፊት እናቶቻቸው ሁሉ ይዘፍኑት የነበረ ነው። ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገና በአስተርጓሚ "ማን አስተማረሽ?" አለኝ።

ሊቀመንበሩ እኔን ያያል። አባባ መሬት መሬቱን ያያል።

"ሬዲዮን" አልኩ።

እንግዳው አዳራሹን በዓይኑ ዞረ። ጋቢ የተከናነበው ሰውዬ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ፤ ፈገግ አለ።

"ሬዲዮኑን ሰላም በይልኝ።"

ቤት ስገባ የጠበቅሁት አለንጋ ነበር። የእንግዳውን ሰላምታ አደረስኩ። አባባ ወደ ሽመናው ተመለሰ፤ ያን ቀን አላንጎራጎረም።

በማግስቱ ለክረምት ብሎ ለራሱ የሠራውን ባና አጥፎ አሸከመኝ።

"እንግዳው ካረፈበት አድርሺለት" አለ። "ከሬዲዮኑ ነው በይው።"