ሣጥኑ የካደው ልጅ

ሰው ዕቃ ሠርቶ ከሸጠ በኋላ እንኳ ለራሱ ብቻ እንዲታዘዝ ለምን እንደሚመኝ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቁልፉን በኪሱ ይዞ ባሕር ማዶ የሚኖር ነጋዴ በር ሸጠ ይባላል ወይስ ግድግዳ? እናንተ ፍረዱ። እኔ የፈረድሁት ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ በመንግሥት ምደባ ጎንደር ከሚገኝ አንድ የሕክምና መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል በተወረወርሁበት ዘመን ነው። «ፊደል ታውቃለህ» ተባልሁ። በቃ።

ክፍላችን በእርዳታ የመጡ ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩት። የበሽተኞቹን መዝገብ በሆዱ የያዘው ትልቅ ሣጥን የሚነጋገረው ከሠሪው ኩባንያ ስክሪን ጋር ብቻ ነበር፤ ያ ስክሪን ደግሞ ተቃጠለ። ኩባንያው «በውጭ ምንዛሪ ሌላ ግዙ» ብሎ ጻፈ፤ አለቃችንም ሣጥኑን ጨርቅ አልብሰው አስቀመጡት። ሁለተኛው፣ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራው፣ ያሉትን ሁሉ የሚሞክር ትሑት ማሽን ነው። እኔ የእርሱ ሎሌ ነበርሁ።

አንድ ማክሰኞ አያ ታከለ ከእንፍራንዝ መጡ። ልጃቸው ደሳለኝ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ከተማው ውስጥ ታጉሯል፤ ዓርብ ወደ ማሠልጠኛ ይጫናል። ልጁ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ እኛው ዘንድ ተኝቶ ታክሟል። መልማዮቹ «ማስረጃ አምጡ» ብለዋል። ማስረጃው ጨርቅ ለብሶ ከፊታችን ተቀምጧል!

«ሣጥኑ የእኛ ነው፤ አንደበቱ የኩባንያው ነው። አይነካም» አሉ አለቃዬ።

ነካሁት። ሁለት ቀን መመሪያ ሳገላብጥ ሰንብቼ ሁለቱን በሽቦ አገናኘሁና፣ የእኔ ማሽን «ያ የተቃጠለው ስክሪን እኔ ነኝ» ብሎ እንዲቀርብ አስተማርሁት። ሣጥኑ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ በድሮው ስክሪን የምንሰጠው ተነገረው፤ አስገባን። ያን ያህል የተፈራው ዘበኛ ለካ ፊት አያይም ኖሯል። ጥያቄዬን በራሱ ሕግ አሰናድቼ ላክሁለት፦ ስሙ ደሳለኝ፣ የአባቱ ስም ታከለ የሆነውን አምጣ።

የለም አለ።

«ምነው? ያን ሁሉ ቀን አስተኝቶት አላውቀውም ይላል?» አሉ አያ ታከለ። «ይኸስ ሸጋ ሣጥን አይደለም!»

እልህ ያዘኝ። የአባቱን ስም ትቼ፣ በዚያ ክረምት በልብ ሕመም የተኛ ደሳለኝ ሁሉ ይቅረብ አልሁ። አንድ ብቻ ቀረበ፤ ዕድሜው ልክ፣ አድራሻው ግን እዚሁ ጎንደር ቀሐ ሰፈር፣ አባቱም አለሙ።

አያ ታከለ ግንባራቸውን መቱ። «ወንድሜ ነዋ! የነጻ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌው ሲያወጣለት ልጄ ነው ብሎ!»

ሣጥኑ አልዋሸም፤ የዋሸነው እኛ ነን። ወረቀቱን አትሜ ለአለቃዬ አቀረብሁ። አየት አደረጉት፤ ከዚያ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ሰው ከማሽን የሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

ዓርብ ጠዋት አያ ታከለን ተከትዬ ወደ ምልመላው ግቢ ሄድሁ። መልማዩ ማኅተሙን የመታሁበትን ወረቀት አገላበጠና «ይኸ የአለሙ ልጅ ነው። የያዝነው የእርስዎን ነው» አለ።

በአገራችን ለአንድ አባት ስሙን ከልጁ ላይ ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። አያ ታከለ ቀና አሉ።

«አሳደግሁት እንጂ አልወለድሁትም። የወንድሜ ልጅ ነው።»

«ይፈርማሉ?»

«ቀለሙን አምጣው፣ ጓድ!»

አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ድረስ አተሙት። ጥቂት ቆይቶ ደሳለኝ ከሲታ ትከሻውን እያሻሸ ወጣና፣ እጁን ዘርግቶ «አባየ!» ሲል አያ ታከለ ክንዱን ጨምድደው ወደ መንገዱ ጎተቱት።

«ዝም በል! ከዚህ በር እስክንርቅ አጎትህ ነኝ።»