በር ላይ የቀረው የትሕትና ጉባኤ

ዘመናት ሁሉ በእጁ ያሉት፣ ነገሥታትን የሚያነግሥና የሚሽር እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል፤ እኛ የምንጽፈው ካየነው ጥቂቱን ነው። በ፲፱፻፺ ዓ.ም. በወርኃ የካቲት፣ በካልጋሪ ከተማ፣ ለአራት ዓመታት የተኳረፉት ሁለቱ ማኅበሮቻችን ሊታረቁ ቀን ቆረጡ። የኮራል ስፕሪንግስ ሰፈሩን ማኅበር ክቡር አቶ ገብረመድኅን፣ የዶቨር ሰፈሩን ክቡር አቶ ደርበው ይመሩታል። አጣዳፊው ጉዳይ የልጆቹ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ነበር፤ ዶቨር ካለው አዳራሽ የተፈቀደላቸው ክፍል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተፈረመለት ለዳንስ ክለብ ይሰጣል። መምህርታቸው ናሆሚ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሰንሪጅ ገበያ ማዕከል የሥራ ሺፍቷን ቀይራ መጥታ «ዓለም በ1648» የሚል የመክፈቻ ንግግር ይዛ ውስጥ ትጠብቃለች።

ሁለቱ መሪዎች በር ላይ ተገናኙ።

«ይቅደሙ፣ አቶ ደርበው።»

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?»

«በእመቤታችን ይግቡ!»

«እኔ ልሙት፣ አልቀድምም!»

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። ከመሪ ቀድሞ መግባት ነውር ነውና አርባ አባላት ከኋላ ቆመው በረዳቸው። ወዲያውም «የአገባብ ቅደም ተከተል አመቻች ንዑስ ኮሚቴ» በሙሉ ድምፅ ተቋቋመ፤ ውስጥ ገብቶ እንዲመክር ቢታዘዝም፣ አባላቱ «ይቅደሙ» ሲባባሉ እዚያው ቀሩ።

ናሆሚ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ፕሊስ! ዴድላይኑ አሥር ደቂቃ ነው የቀረው!»

«ሰላም ጊዜ ይፈልጋል፣ ልጄ» አሉ አቶ ገብረመድኅን፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

«ላይክ፣ ንግግሬም ስለዚሁ ነው! በፈረንጆቹ 1648 የኢስታንቡሉ ሱልጣን ከዙፋን ወርዶ ታነቀ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ እስር ላይ ነበር፣ ሞስኮ ነደደች። አውሮፓ ሠላሳ ዓመት ተላልቆ ለእርቅ ሲቀመጥ፣ አምባሳደሮቹ ማን ይቅደም እያሉ ስንት ጊዜ ፈጁ!»

«አዩልኝ ትዕቢታቸውን!» አሉ አቶ ደርበው። «እነሱ ለመቅደም ተጣሉ፤ እኛ ለመከተል። በሉ ይግቡ።»

«በፍጹም!»

ናሆሚ ተመልሳ ገባችና የክፍሉን ውል በራሷ ስም ፈረመች። ክፍሉ ለልጆቹ ተረፈ።

ወሬው በር ላይ ሲደርስ መሪዎቹ ተያዩ።

«ታላላቆቿን ቀድማ?»

«ቀድማ!»

በዚህ አንድ ቃል አራት ዓመት የተኳረፉት ተቃቅፈው ታረቁ፤ ማኅበሮቹም በረዶው ላይ ተዋሐዱ። የውሕዱ ማኅበር የመጀመሪያ ታሪካዊ ውሳኔ ለናሆሚ የወቀሳ ደብዳቤ መጻፍ ሆነ። ደብዳቤው መኪና ኮፈን ላይ ተዘርግቶ ለፊርማ ብዕር ሲቀርብ፣ የሁለቱም እጅ እኩል ተዘረጋ።

«በዕድሜ እኔ ነኝ የምቀድመው!»

«ምን ሲደረግ! አምጣ ብዕሩን!»

የአንባቢን ቤት እግዚአብሔር ይባርክ፤ ልጆቹም ገብተው የሚሞቁበት ያድርገው።